ሰሊጥ ሊያነሱ ወጥተው ሚሊሻ አንስተው የገቡት ሰውዬ

ዛሬ ማሳችን ዳር እናቴ በሳቅ ልትሞትብኝ ነበር!

አያ ታደሰ፣ የቤታችን የዱሮ ወዳጅ፣ ያን አሮጌ ካሜራቸውን አንግተው መጥተው ነው።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። አያ ታደሰ ከዚህ ከመተማ ቆላ ደጋው ዳባት ድረስ ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ልከው፣ የልጅቱ እናት "ልጄን ለወባ አልድርም!" አሏቸው።

እሳቸውም የመተማን ማማር ላሳያቸው ብለው፣ ባለቀለም ፊልም ከሱዳን አስመጥተው ያበበ ሰሊጥና የሽንፋን ወንዝ ሊያነሱ ወጡ።

አንድ ሚሊሻ ያዛቸው። "ድንበር ላይ ሰው የሌለበት ፎቶ ስለላ ነው! ሰው ይግባበት።"

"ማን ይግባበት ታዲያ?"

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

ፊልሙ እስኪያልቅ ሰሊጡም ላይ፣ ወንዙም ላይ ጠመንጃውን ይዞ ተገተረ።

ፎቶው ታጥቦ ዳባት ሲደርስ ልጅቱ አንድ በአንድ አየችና "አገሩስ መልካም ነው። ይኼ ባለጠመንጃ ማነው?" አለች።

ልጅቱ እናቴ ናት። ሚሊሻው አባቴ። (እኔን የባለቀለም ፊልም ልጅ በሉኝ።)

ዛሬ አያ ታደሰ ካሜራቸውን ደግነው "አሁንስ ዞር በልልኝ፣ ሰሊጡን ላንሳበት!" ቢሉት፣ አባዬ ፀጉሩን አበጠረና "ሰው ይግባበት!" ብሎ መሀል ቆመላቸው።

እናንተስ ቤት፣ ሳይጠሩት ፎቶ ውስጥ ገብቶ በዚያው የቀረ ማን አለ? እስኪ አጫውቱኝ።