ሴት ከማትረግጣት ደሴት ዳር

አክስቴ በሞተር ጀልባ ጣናን እየተሻገረች የምትነግድ ሴት ነበረች። ዛሬ ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ባሏ በጠላት ጊዜ አርበኛ ሆኖ ወደ ሳንጃ ቆላ እንደ ወረደ ቀረ። ሬሳውም አልመጣ፣ መርዶው እንኳ በወጉ አልተነገረ። እሷ ጥቂት አልቅሳ በቅሎዎቹን ጫነችና የደንቢያን ሽምብራና በርበሬ ወደ ጎንደር ማመላለስ ጀመረች። በኋላ ጣሊያን ጎርጎራ ላይ ጥሎት የሄደውን አንድ የብረት ጀልባ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተጋርታ ያዘች፤ ነጋዴው ሲሞት ጀልባው የእሷ ብቻ ሆነ። እህል ጭና ወደ ዘጌ ትሻገራለች፣ ቡናና ጌሾ ጭና ትመለሳለች።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ሳላውቃት ነው የሞተችው። አባቴ ከጎንደር አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ፤ ግቢያችን ዜማ በሚያጠኑ ተማሪዎች ይጮህ ነበር። ለአቅመ ሔዋን ሳልደርስ እንፍራንዝ ለሚኖር የካህን ልጅ ዳሩኝ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጅ ግን አልወለድኩም። እናቱ በየጠበሉ ስታዞረኝ ከረመችና፣ በአንድ የትንሣኤ ማግስት በቅሎ አስጭና ወደ አባቴ ቤት መለሰችኝ። አባቴ አልተቆጡም፣ አልጠየቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በስሜ መጥራቱን ተዉ፤ «ያቺ ልጅ ውኃ ታምጣ» ነበር የሚሉት፣ እኔው ፊታቸው ቆሜ እያለሁ።

አክስቴ ይህን አይታ ነው መሰለኝ አንድ ማለዳ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«መሪጌታ፣ ይህችን ልጅ ለእኔ ስጡኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ጀልባው ላይ ትሁንልኝ። የሚያበስል፣ ዕቃ የሚጠብቅ የራሴ ሰው እሻለሁ።»

«ውኃ ላይ? ከወንዶች ጋር? የመሪጌታ ልጅ?»

«ምነው መሪጌታ! ኖኅስ ምራቶቹን መርከብ ላይ አይደል ያሳፈራቸው?»

«ኖኅ ሽምብራ አልነገደም» አሉ አባቴ። ፊታቸውን አዙረው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ተከተልኳት፤ በሩን ስወጣ ዞር ብዬ ባይ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዜማ እያረሙ ነበር፣ ቀና አላሉም።

ጀልባው ረጅም፣ ሆዱ ሰፊ፣ ቀለሙ የተላጠ ነበር። ከፊቱ ኬሻ ይደረደራል፣ ከኋላው ሞተሩ ይጮሃል፣ መሪው ያለበት አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት አለች። እኔና አክስቴ ከኬሻዎቹ መካከል በሸራ ከልለን እንተኛ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የናፍጣው ሽታና የውኃው መወዛወዝ እህል አላስቀምስ አለኝ።

ነጂውን «ካፒቴን» ነበር የምንላቸው። የምጽዋ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በጨው ባሕር በመርከብ የሠሩ። ጣሊያኖች ለዚህ ጀልባ ብለው አመጧቸውና ጣሊያኖቹ ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። ሚስታቸውና ልጃቸው በጦርነቱ ጊዜ ምጽዋ ላይ ቦምብ ወርዶባቸው እንደ ሞቱ የነገረችኝ አክስቴ ናት። እሳቸው ስለዚያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔን ግን «ጓለይ» ይሉኝ ነበር፣ በአገራቸው ቋንቋ «ልጄ» ማለት ነው። ሌላው ሞተሩን የሚያይ ሰው ነበር። ሞተረኛው ጩኸቱ ጆሮውን ስላደከመው ብዙ አይናገርም፤ ብንጠራውም አይሰማም።

«ውኃውን አትመልከቺ» አሉኝ ካፒቴኑ፣ ጎን ላይ ተደፍቼ ሳስታውክ አይተው። «ያንን ተራራ እዪ። እሱ አይንቀሳቀስም።» ተራራውን እያየሁ ተሻለኝ። ሲሻለኝ ደግሞ መቀመጥ ሰለቸኝና ከመሪው ቤት ደጃፍ መቆም ልማዴ ሆነ። አንድ ቀን ፈቀቅ ብለው ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

«አያ ካፒቴን፣ እኔ እኮ አላውቅም!»

«ማንም ሲወለድ አያውቅም። እጅሽን አታጥብቂ። እንደ በቅሎ ነው፣ በኃይል ከሳብሽው ይጣላሻል።»

ያን ቀን ውኃው እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበር። በደንገል ሣር ታንኳ እንጨት የጫኑ ሰዎች መሪ የያዘችውን ሴት አይተው መቅዘፋቸውን ትተው ቀሩ። አክስቴ ኬሻ ላይ ተቀምጣ እጇን እያጨበጨበች ሳቀች። እኔ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እንባዬ መጣ። ከእንፍራንዝ ከተመለስኩ ወዲህ ለማንም ምንም የምጠቅም አልመሰለኝም ነበር።

ካፒቴኑ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ነበራቸው። በአንዱ ሰኔ ከባሕር ዳር ስንመለስ አንዲት የመስኮብ፣ የሩሲያ አገር ልጅ በሰማይ መርከብ ወጥታ ምድርን እየዞረች ነው የሚል ወሬ ከዚያ ራዲዮ ሰማን። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ሰማዩን ስፈልግ ዋልኩ።

«ብቻዋን ነው የሄደችው?» አለች አክስቴ።

«ብቻዋን» አሉ ካፒቴኑ።

«ምን ጭና?»

«ምንም አልጫነችም።»

አክስቴ እጅግ ገረማት። «ታዲያ ያን ያህል መንገድ ባዶዋን? አይ ሞኝ! እዚያስ ጨው የሚፈልግ አይጠፋም ነበር።» ሞተረኛው እንኳ ስንስቅ አይቶ ምክንያቱን ለመጠየቅ ከሞተሩ ጉድጓድ ብቅ አለ። አክስቴን ሳስታውስ ያን ቀን የነበራትን ፊት ማስታወስ እወዳለሁ። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ግንባሯ ወዝቶ፣ የጎደለ ጥርሷን ሳትሸፍን ትስቅ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ወደ ዘጌ አንድ ጉዞ አደረግን፤ የዓመቱ መዝጊያ ሊሆን ነበር። ስንመለስ ከዘጌ ማለዳ መነሳት ሲገባን የምንጭነው ቡና ዘገየ። ካፒቴኑ ደመናውን እያዩ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«እመቤት፣ ከቀትር በኋላ ባሕሩ የእኛ አይደለም። ነገ ይሁን።»

«ነገ ዝናብ ቢዘንብ ቡናው ይበላሻል። ደግሞ ይህን ባሕር ዛሬ ነው እንዴ የምናውቀው?» አለች አክስቴ። ሸጋ ሰው ነበረች፤ አንድ ነገር ካሰበች ግን የሚመልሳት አልነበረም። ተነሳን።

ነፋሱ የመጣው ባሕሩ መካከል ከደረስን በኋላ ነው። መጀመሪያ ውኃው ጠቆረ፣ ቀጥሎ የዳርቻው ተራራ ጠፋ፣ ከዚያ ዝናቡ በጎን ወረደብን። ማዕበሉ እየተሻገረ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይገባ ጀመር። ሞተሩ ውኃ ከነካው አበቃልን ማለት ነው። ካፒቴኑ ክንዴን ያዙና መሪው ላይ አቆሙኝ።

«እኔ ወርጄ ከሞተረኛው ጋር ውኃ ልጨልፍ። አንቺ ማዕበሉን በፊት ለፊቱ ያዢው። ጎኑን ከሰጠሽው ይገለብጠናል። ገባሽ ጓለይ?»

«ገባኝ።»

ገብቶኝ አልነበረም። እጄ ላይ ግን ያስተማሩኝ ነገር ነበር። አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ እያዞርኩ፣ ጀልባው ሲወጣ እየወጣሁ፣ ሲወድቅ እየወደቅኩ ስታገል ኬሻዎቹን ያሰረው ገመድ ተበጠሰ። የላይኛው ድርድር መንሸራተት ጀመረ። አክስቴ አየችና ልትይዘው እየተንፏቀቀች ሄደች።

«እታለም ተዪው! ተዪው!» ብዬ ጮኽኩ።

ጀልባው ወደ ጎን ዘመመ፤ ኬሻዎቹ ተናዱ፤ ከብረቱ ግድግዳ ጋር ደረቷን አጣብቀው ያዟት። ከእኔ ሩቅ አልነበረችም። ዓይኗን አያለሁ። መሪውን ልለቅ ብዬ አንድ እግሬን ሳነሳ የቀራትን ትንፋሽ ሁሉ አሰባስባ ጮኸችብኝ።

«እንዳትለቂው! አንቺ ልጅ፣ መሪውን እንዳትለቂው!»

አልለቀቅኩትም። እያየኋት፣ እያለቀስኩ፣ ማዕበሉን በፊት ለፊቱ ያዝኩ። ካፒቴኑ ጩኸቴን ሰምተው ከሞተረኛው ጋር ወጥተው ኬሻዎቹን ሲያነሱላት ከአፏ ደም ወጥቶ ነበር።

ነፋሱ ሲበርድ ሞተሩም ቆመ። ውኃው እየገፋ ወደ አንዲት በደን የተሸፈነች ደሴት ወሰደን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በደሴቷ ላይ ያለው ገዳም ደወል ተሰማ። አክስቴ ጭንቅላቷ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ደወሉን ስትሰማ «ደረስን?» አለች።

ደርሰን ነበር፤ ግን ያቺ ደሴት ሴት የማትረግጣት ናት። መነኮሳቱ ወደ ዳር ወረዱ። ካፒቴኑ ውኃ ውስጥ ገብተው ጀልባውን ከድንጋይ ጋር እያሰሩ ለመኗቸው።

«አባቶቼ፣ የተጎዳች ሴት ይዘናል። እሳት ዳር ትተኛልን።»

መነኮሳቱ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። አንዱ ጎልማሳ ወደ ፊት ወጣ፤ ፊቱ ላይ ጭንቀት እንጂ ጭካኔ አልነበረም። «ሞተሩን ለመሥራት ሰው እንሰጣችኋለን፤ እህል እንሰጣችኋለን። ሴት ግን መሬቱን አትረግጥም፣ ግዝት ነው።»

«እኔ ተሸክሜያት፣ እግሯ ሳይነካስ?»

«ቢሸከሟትም ግዝት ነው፣ ወንድሜ። ከአባቶቻችን የመጣ ነው፤ እኛ አንፈታውም።»

እኔ ተነስቼ መጮኼን አስታውሳለሁ፤ ያልኩትን ግን አላስታውሰውም። አክስቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ዝም በይ» አለችኝ በቀስታ። «ሕግ ነው። ቄስ ብቻ፣ የሚያናዝዘኝ ቄስ ለምኚልኝ።»

ይህን ሲሰሙ ከኋላ ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሌሎቹን አልፈው ወጡ። ቆባቸው የደበዘዘ፣ ወገባቸው የጎበጠ ነበሩ። ጫማቸውን አወለቁ፤ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ወደ ውኃው ገቡ። ጎልማሳው «አባ፣ ውኃው ይበርዳል፣ ጤናዎም የለ» እያለ ተከተላቸው።

«ግዝቱ የመሬቱ ነው» አሉት። «ውኃው ላይ ግዝት የለም።»

ውኃው ደረታቸው ጋ ደረሰ። የጀልባውን ከንፈር በአንድ እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ወደ ፊቷ አስጠጉ። እኔና ካፒቴኑ ወደ ጀልባው ሌላ ጫፍ ሄድን። የተናዘዘችውን አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ስታለቅስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እሳቸው «እሱንስ እግዚአብሔርም ያውቃል፣ ቀጥዪ» ሲሏት ብቻ ሰማሁ። ሲጨርሱ መስቀሉን አሳለሟት፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት፣ ከባሕሩ ውኃ ባርከው ረጯት።

«አባ፣ አሁን ይውጡ፤ ይንቀጠቀጣሉ እኮ» አልኳቸው።

«ትንሽ ልቆይ፣ ልጄ። ብቻዋን አትሂድ።»

ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ፣ እጇን እንደያዙ ቆዩ። አክስቴ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አረፈች። የመጨረሻ ቃሏ «ቡናው ረጠበ?» የሚል ነበር። «አልረጠበም» አልኳት። ረጥቦ ነበር።

በማግሥቱ ሞተሩ ተነስቶ ጎርጎራ ገባን። መሪውን እኔ ያዝኩ፤ ካፒቴኑ ከሬሳዋ አጠገብ አልተነሱም። ከጎርጎራ በጭነት ማኪና ወደ ጎንደር ወሰድናት። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁን። በእህቷ በእናቴ መቃብር አጠገብ ተቀበረች፤ ፍትሐቱን አባቴ ራሳቸው ደረሱ። ያን የመሰለ ድምፅ የነበራቸው ሰው መካከል ላይ ተቋረጡ፤ ተማሪዎቻቸው ተቀብለው ጨረሱላቸው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ጠሩኝ። በስሜ ጠሩኝ።

«ከማዕበሉ ያወጣችሁ ማን ነው?»

«እኔ መሪውን ይዤ ነበር፣ አባዬ።»

«ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ይዞ ዝም ይላል?» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ላቅፋቸው ፈለግኩ፤ በቤታችን መሪጌታን ማንም አቅፎ አያውቅምና እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ለአርባዋ ከገዳሙ አንድ መነኩሴ ወደ ከተማው መጥቶ ነበር። ያ ሽማግሌ አባት ከዚያ ምሽት በኋላ ደረታቸውን ታመው ሳይነሱ አረፉ አለን። አባቴ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁት። በተዝካሯ ቀን ከአክስቴ ስም ጋር አብረው ጠሩት፤ ከዚያም በየዓመቱ፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ሁለቱን ለይተው ጠርተው አያውቁም።

ጀልባውን አንድ ዓመት እኔና ካፒቴኑ ሠራንበት። ግን ጭነቱ ሁሉ በየብስ፣ በማኪና መዞር ጀመረ፤ ካፒቴኑም ልባቸው ከተሰበረ አልተጠገነም። አንድ ቀን ምጽዋ ሄጄ የሚስቴን መቃብር ልይ ብለው ተነሱ። አስመራ በሚሄድ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ስሸኛቸው የወጣቶች ዓይነት ፈገግታ ፈገግ አሉልኝ። «ጓለይ፣ እጅሽን አታጥብቂ» አሉኝ። አልተመለሱም። በኋላ የመጣ ሰው ምጽዋ ሳይደርሱ አስመራ ላይ እንዳረፉ ነገረኝ።

እኔ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጨርቅ መሸጥ ያዝኩ፤ አባቴን እስከ መጨረሻቸው ጦርኩ። ጎርጎራ ከዚያ በኋላ አንዴ ብቻ ወርጃለሁ። ጀልባው ከደንገሉ መካከል ተጎትቶ ወጥቶ ዝጎ ነበር፤ የመሪው ቤት ቆርቆሮ ተነቅሎ ተወስዷል። አንዲት ሴት ልብስ አጥባ ከንፈሩ ላይ አስጥታለች። የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ ብዬ ልጠይቃት አልኩና ተውኩት፤ እስኪደርቅላት አብሬያት ተቀምጬ ስለ ዝናቡ አወራን።