ክዳን የሌለው በርሜል

የመጨረሻው ደህና ቀን ዓርብ ነበር። እዚህ ጅቡቲ ዓርብ ሥራ የለም። እህቴ ከምታበስልበት ቤት እረፍት ወጥታ ተክሎቿን ስትንከባከብ ዋለች። ብዙ አይደሉም። በተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ያደጉ ጤና አዳም፣ በሶብላና ቃሪያ ናቸው። ከነሱ በላይ አንድ የኒም ዛፍ አለ፤ እሱ የአከራያችን ነው።

የቧንቧው ውሃ ጨው አለበት፤ ተክል ያቃጥላል። ስለዚህ ከአከራያችን የአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን ውሃ በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል እናጠራቅም ነበር። ሐሳቡ የእህቴ ነው። ቱቦውን በክዳኑ ቀዳዳ አስገብታ ክዳኑን በሽቦ የምታስረው እሷ ናት። የምፈታው ደግሞ እኔ ነኝ።

የምፈታው ለወፎቹ ብዬ ነው። በሰኔ ሙቀት ወፍ አፉን ከፍቶ ነው የሚቆመው። ኒሙ ላይ ጎጆ የሠሩ ትንንሽ ቢጫ ወፎች ነበሩ። በርሜሉ አፍ ላይ ተደርድረው፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ሲጠጡ ማየት እወድ ነበር። ንቦችም ይመጣሉ። ቁራዎቹ ግን ሌቦች ናቸው። ያን ቀን አንዱ የልብስ ሳሙናዋን ነጥቆ በረረ።

«አንተ! ጓደኛህ ሳሙናዬን ይዞ ሄደ!»

«የኔ ጓደኞች ቢጫዎቹ ናቸው፣ እትዬ።»

«ይሁኑልህ። ሥራ ፈት ከሥራ ፈት ጋር!»

አከራያችን ሳቁ። ኤዶ ነው የምንላቸው፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ድሮ ድሬዳዋ ስለኖሩ አማርኛ ይሰማሉ። እህቴ ወደ በርሜሉ ዞር ብላ «ክደነው ብዬህ አልነበር?» አለችኝ። እሺ አልኳት። አልከደንኩም።

ውሃው ውስጥ ቀጫጭን ነገሮች ነበሩ። እየተጥመለመሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጥላዬን ሲያዩ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ከወር በፊትም አይቻቸዋለሁ። ትል መሰሉኝ። ለወፎቹ ምግብ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው፤ ደስ አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የቢምቢ እጭ ባዮሎጂ ደብተሬ ላይ ስያለሁ፤ መምህሩ ጎበዝ ብሎ ጽፎልኛል። የሳልኩት ግን ሙሉ ገጽ የሚሞላ ነበር።

ቅዳሜ እህቴ ራሴን አመመኝ አለች። ሙቀቱ ነው አለች፤ እኔም ሙቀቱ ነው አልኳት። በሰኔ እዚህ ራሱን የማያመው ማን አለ? እሁድ ሥራ ገባች። ሰኞ እየተንቀጠቀጠች መጣች። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርብልኝ አለችኝ። ያኔ እንኳ ወባ የሚል ቃል አልመጣልኝም። ወባ ለእኔ የወንዝ ዳር፣ የረግረግ በሽታ ነበር። እዚህ ወንዝ የለም። ዝናብ እንኳ የለም። ማክሰኞ ጠዋት ስጠራት ሳትመልስልኝ ስትቀር ከኤዶ ጋር በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ሐኪሟ በፈረንሳይኛ ተናገረች፤ ኤዶ ተረጎሙልኝ። ወባ ነው፤ ዘግይታችኋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። የዚህ አገር የወባ ቢምቢ ከተማ ውስጥ፣ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ነው የሚራባው፤ ቤታችሁ ክዳን የሌለው ውሃ አለ?

«የለም» አልኩ።

ኤዶ አዩኝ። ከዚያ የለም ብለው ተረጎሙ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ላመጣላት ቤት ስሄድ መጀመሪያ ያደረግሁት በርሜሉን መገልበጥ ነው። እጮቹ እርጥቡ አሸዋ ላይ ትንሽ ተፍጨረጨሩ፣ ወዲያው ደረቁ። ግቢውን ለማጽዳት ነው ወይስ ሰው እንዳያይብኝ? እስካሁን ለራሴ አልመለስኩም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሞተች።

እናታችን ድሬዳዋ ናት። ለአጎቴ ደወልኩ። ጎረቤት ይዘው ሲነጋ እንደሚያረዷት ነገሩኝ። «እስከዚያ ብትደውልልህ እንዳታነሳ። ድምፅህ ያሳብቅብሃል» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። ስሟ ስልኩ ላይ እስኪጠፋ አየሁት።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ለአጎቴ መልሼ ደወልኩ። በመንገድ ላይ ነበሩ። የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ በርሜሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«የምን በርሜል?»

ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እየደገምኩ። ለሐኪሟ መዋሸቴንም ነገርኳቸው። ኮቴው ቆመ።

«ቢምቢው ከጎረቤት የመጣ ቢሆንስ? ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። ግን እኔ አይቼው ነበር።»

«በል፣ ይሄን ለእናትህ እንዳትነግራት። ሰምተኸኛል?»

«እርስዎ አይንገሯት። እኔ መጥቼ እነግራታለሁ።»

«አንተ ልጅ…» አሉና ተነፈሱ። «እሱን ስትመጣ እናየዋለን። በሩ ጋ ደርሰናል፤ ዝጋው።»

እሳቸው ሳይዘጉት ኪሳቸው ከተቱት መሰለኝ። በር ተንኳኳ። ቆይቶ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«እንዴት አደራችሁ? ምነው በጠዋቱ… ምነው ሁላችሁም?»

መዝጋት እችል ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩና እስከ መጨረሻው ሰማሁ።