እስስቷን ፈርቼ ዝም ያልሁ ቀን

ባለፈው ሳምንት ከወልዲያ ወደ መርሳ ወርጄ፣ አሁን እህቴ በምትኖርበት ባባታችን ግቢ ጥላ ስር እንደተቀመጥሁ፣ የቅንጭቡ አጥር ላይ አንዲት እስስት ሳይ አፌ ሳላዘው ግጥም ብሎ ተዘጋ። የቀሩኝ ጥርሶች ስድስት ብቻ መሆናቸው ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው፤ ብቻዬን ሳቅሁ፣ እሱንም አፌን በእጄ ከልዬ።

በልጅነታችን እስስት ጥርስ ከቆጠረች አንድም ሳይቀር ይረግፋል ይባል ነበር፤ ማን እንደነገረን አላውቅም፣ አለማመን ግን አልተቻለንም። ከጭልፊት ይልቅ እሷን እፈራ ነበር። ጭልፊት ጠላትነቱን አይደብቅም፤ ጥላው መሬት ላይ ሲዞር ይታያል፣ ዶሮም ሰውም ይጮህበታል። እስስት ግን ቅጠል ናት ሲሏት ዓይኗን ታዞራለች፤ አንዱ እኔን ሲያይ ሌላው ሰማይ ያያል። አንድ እግሯን አንስታ ልሂድ አልሂድ እያለች ስትወዛወዝ አፌን ገጥሜ እስክትሄድ እጠብቅ ነበር።

የጎረቤታችንን የእትዬ ዘሃራን ዶሮዎች ፈንግል የሚሉት በሽታ ፈጅቷቸው፣ የቀረቻቸው አንዲት ገብስማ ዶሮ ከአራት ጫጩቶቿ ጋር ነበረች። ግቢያቸው ዳግም የሚሞላው ከእነዚህ አራቱ ነበር። አንድ ቀን ወደ ግራና ከተማ ገበያ ሲሄዱ ለእኔ አደራ ሰጡኝ፤ ጫጩት መጠበቅ ከድምፅ በቀር ምንም አይጠይቅምና። የኔ ጩኸት ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ነበር፤ መካኒኩ አባቴ መኪና ስር ተኝቶ ሳለ ስጠራው ደንግጦ ግንባሩን ከብረት ጋር ያጋጨበት ቀን ጥቂት አይደለም። «ያንቺን ድምፅስ ጭልፊቱም ያውቀዋል» ብለውኝ ሄዱ።

በኩራት ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ከጎኔ ቅንጭቡ ላይ እስስቷን አየኋት። በመካከላችን ያለው አንድ ክንድ አይሞላም። ከንፈሬን ገጥሜ ጥርሴን ሸሸግሁ። እንዳላስቆጣት ከተቀመጥሁበት አልተነቃነቅሁም። በዚያው ቅጽበት የጭልፊቱ ጥላ በግቢው ላይ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ዝቅ አለ። ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ ጮኸች። አንዲት «ሃይ!» ትበቃው ነበር። አፌን ብከፍት ጥርሴ፣ ብዘጋ ጫጩቶቹ። እንባዬ እየወረደ አልከፈትሁም። አንዱን ወሰደ፤ ተመልሶ ሁለተኛውን ወሰደ። ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣም እስስቷ ገና እኔን እያየች ነበር።

እትዬ ዘሃራ ሲመለሱ ዶሮዋ ብቻዋን ትንቆራጠጥ ነበር። «ምነው ልጄ፣ አልጮህሽም እንዴ?» አሉኝ። አፌን እንደገጠምሁ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እሳቸው ግን ድንጋጤ ድምፄን የዘጋው መስሏቸው፣ ስለ ጫጩቶቹ አንድም ቃል ሳይወጣቸው፣ «አብሽሪ፣ አላህ ይመልስልሻል» ብለው ጉሮሮዬን በመዳፋቸው ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ። ያ መዳፍ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። እውነቱን ነገ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ዓመታት አለፉ፤ ሳይሰሙት ሞቱ። ጫጩቶቹ ካለቁበት ቀን በኋላ ዶሮ አላረቡም።

የሳሳሁላቸው ጥርሶች ደግሞ ማንም ሳይቆጥራቸው በየተራ ረገፉ።

ይህን ሳስብ ጥላ በእግሬ ስር አለፈ። ቀና ስል ጭልፊት ነው። ያኔ ያስቀረሁትን አሁን ልጩኸው ብዬ ብድግ አልሁ፣ እስስቷ ፊትም አፌን ከፈትሁ። «ሃይ!» አልሁ። የወጣው ግን ቤት ውስጥ ያለችው እህቴ እንኳ ያልሰማችው የሰለለ ድምፅ ነበር። ጭልፊቱ አልሸሸም፤ ዝቅ ብሎ በእትዬ ዘሃራ ግቢ ላይ ዞረ። እዚያ ግን ከጭልፊት የሚጠብቁት አንድ ጫጩት እንኳ አልነበረም።