በጤፉ ውስጥ የቀሩ ሁለት መስመሮች

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ነው። ዘንድሮም ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ የቢሮአችንን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ያ ቀን ይመጣብኛል። ከዳር እስከ ዳር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሠራው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው። ገበሬዎቹ “ዶክተር” ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ስንት ጊዜ አርሜ ሲሰለቸኝ ተውኩት። ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ሥራውን የጨረሰ አንድ ፕሮጀክት ባለ አራት ጎማ ሞተር ለቢሮአችን ትቶ ሄደ። ከዚያ በፊት ባለ ሁለት ጎማዋን አስፋልቱ ዳር አቁሜ ጭቃውን በእግሬ ነበር የማቋርጠው። ይህቺ ግን ጎማዋ ሰፊ ነው፣ ጉልበቷም ለጉድ ነው። ወንዶቹ ባልደረቦቼ እየዞሩ ሲያዩዋት እኔ ቀድሜ ለመድኳት። ተኩራርቼባትም ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ ከጀመርኩ አይቀር ይህንንም ልናገር።

የሥላሴ ዕለት ጠዋት አያ አድማሱ ደወሉልኝ። አያ አድማሱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። አንደኛው በሬ ከንጋት ጀምሮ ሆዱ እየተነፋ መነሣት አቅቶታል አሉኝ። የዘር ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን በሬው የሞተበት ገበሬ የዓመት እህሉ አብሮ ሞተ ማለት ነው። የተነፋ በሬ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። “ቶሎ በይ ልጄ” ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ቀበሌው የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። አገሩ ዋልካ ነው፤ ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ጭቃው ጎማውና መከለያው መካከል እየገባ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ጎማው መዞሩን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ወርጄ በእንጨት ጠረግኩት። በሦስተኛው ግን ማጥ ውስጥ ገባሁ። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ሞተሯ ትጮኻለች፣ ፊቴ ላይ ጭቃ ትረጫለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች። ብጣራ ሰው የለም። ሕዝቡ በሙሉ ከጉብታው ማዶ ሥላሴ ንግሥ ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየሰበርኩ ጎማው ሥር አነጠፍኩና ከብዙ ትግል በኋላ ወጣሁ።

ስልኬ ጮኸ። አያ አድማሱ ነበሩ። በሬው ምላሱን አውጥቷል አሉኝ።

ከፊቴ ያለው መንገድ ከዚያም የባሰ ማጥ ነበር። በግራ በኩል ግን አጥር የሌለው፣ ሣር ያልበቀለበት፣ እንደ ተመረገ ግድግዳ የተስተካከለ ሜዳ ተዘርግቷል። አላሰብኩም፤ መሪውን ወደዚያ አዞርኩ።

መሃሉ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በክረምት እንደዚያ የሚስተካከለው ጤፍ የተዘራበት ማሳ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ከብት ተነድቶበት ይረገጣል፣ ጭቃው ከላቆጠ በኋላ ዘሩ ከላይ ይበተንበታል፣ አፈር አይለብስም። ዘሩ አንድ ቀን እንኳ የሞላው አይመስልም። ብቆም እሰምጣለሁ፤ ብመለስ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። ነዳጅ ሰጥቼ ተሻገርኩ። ማዶ ወርጄ ሳይ ቦቲዬ ላይ የጤፍ ፍሬ ከጭቃው ጋር ተለጥፏል። ስመለስ ባለቤቱን ፈልጌ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

የበሬው ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። በአፉ ቱቦ ብሞክር አልሆነም። ጎኑን በስቼ አየሩን አስወጣሁለት። ከብዙ ቆይታ በኋላ በሬው እየተንገዳገደ ተነሣ። አያ አድማሱ አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ታች፣ ወደ ማሳው አሻግረው አዩ። ተመልሰው የሞተሯን ጎማ አዩ። እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ያዝኩ።

ልሄድ ስነሣ በታች በኩል እንዳልሄድ ነገሩኝና ፊት ፊት እየመሩ ከቤታቸው በላይ ባለው ድንጋያማ መንገድ ሸኙኝ። ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ግን ጭቃ የለውም። ከንግሥ የሚመለሱ ሰዎች እዚያ አገኙን፤ ሰላም ተባብለን ተላለፍን። ቢሮ ሳልደርስ ከባድ ዝናብ ወረደ። ሁለት መስመር ምን ይሆናል፣ ይዘራበታል ብዬ ነገሩን ተውኩት። ፈርቼም ነበር። የፈራሁት ደግሞ ሞተሯን ይነጥቁኛል ብዬ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

መስከረም ላይ ለከብት ክትባት ወደዚያው ሄድኩ። ማሳው አረንጓዴ ሆኗል። በመሃሉ ግን ምንም ያልበቀለባቸው ሁለት መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ይታያሉ። የማሳው ባለቤት ምናለ የሚባል የአርባ ዓመት ሰው ነው። ላሙን ይዞልኝ ስወጋ እኔ ዓይኔን ከመርፌው አላነሣሁም። ራሱ ጀመረው።

“ይዩልኝ እስኪ ዶክተር። የአያ አድማሱ ጋሪ ሥራ ነው” አለኝ።

ከዚያ ታሪኩን ነገረኝ። ድሮ የአያ አድማሱ ጋሪ በዚያ ማሳ ዳር ነበር የሚያልፈው። ምናለ አምና መንገዱን አርሶ ወደ ማሳው ቀላቀለው፣ በዚህም ተቀያይመዋል። የሥላሴ ዕለት ሁሉም ንግሥ ሲወጣ እሳቸው ብቻ ቤት ቀሩ። ዝናቡ ዱካውን ቢያበላሸውም የጎማ መስመር መሆኑ ይለያል። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ቄሱ ባሉበት፣ የአካባቢው ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ማለ። መሐላው “አላደረግሁም፤ ያደረገውንም አላየሁም፣ አልሰማሁም” የሚል ነው። ሁሉም እንደዚያ አለ። አያ አድማሱ ተራቸው ሲደርስ “አላደረግሁም” ብለው አቆሙ። ቀሪውን ይበሉ ተባሉ። ሦስት ጊዜ ተጠየቁ፣ ሦስት ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። እንግዲህ ጥፋተኛ ባይሆኑ መማል ለምን ያቅታቸዋል ተብሎ ተፈረደባቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ምናለ ደጅ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ይቅርታ ጠየቁ።

“ዕለቱን እርስዎም ለበሬያቸው መጥተው ነበር” አለኝ ምናለ። “በላይ በኩል ሲሄዱ አግኝተንዎት የለ?”

“አዎ” አልኩት። ወደሚቀጥለው ላም ዞርኩ።

የቀረውን ከብት እንዴት እንደከተብኩ አላውቅም። ስጨርስ ወደ አያ አድማሱ ቤት ወጣሁ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ቀንበር እየጠረቡ ነበር። ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው። መጥረቢያውን አስቀመጡት።

“አላደረግሁምን ማልሁ” አሉ። “አላየሁም በል ሲሉኝ ምን ልበል? ጎማሽን አይቻለሁ። በሥላሴ ደጅ ዋሽቼ የት ልገባ ነው?”

“ታዲያ እሷ ናት አይሉም?”

“ከበሬዬ ጋር ስትታገዪ የዋልሽውን ልጅ? ቶሎ በይ ብዬ የጠራሁሽ እኔ አይደለሁ?” ቀንበሩን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። “በይ ተይው ልጄ። አጨዳው ሲደርስ መስመሩም ይጠፋል።”

ይህን ሲሉኝ ቅልል አለኝ። ማንም ሳያውቅ ሊያልፍልኝ ነው። ተሰናብቻቸው ሞተሯ ዘንድ ደረስኩ፣ ቁልፉንም አስገባሁ። ያን ጊዜ ነው በራሴ ያፈርኩት። ከዚያ በፊት ፈርቼ ነበር እንጂ አላፈርኩም ነበር።

ቁልፉን ነቅዬ ወደ ምናለ ተመለስኩ፤ ደጁ ላይ ቆሜ ማሳውን ያቋረጥኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። አጥሩን ተደገፈ።

“እኔ እኮ ውሃ እንኳ ሳልሰጣቸው ነው የሸኘኋቸው” አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፣ በቃል ይበቃል አሉኝ። እኔ ግን አያ አድማሱ የተሸከሙትን ድንጋይ ጠየቅኩ። ምናለ ደጅ አጥሩ ሥር እንደወደቀ ነበር። አንገቴ ላይ አድርጌ ወደ አያ አድማሱ ቤት ዳገቱን ጀመርኩ። ምናለ ከኋላዬ እየተከተለ የእኔም ድርሻ አለበት ብሎ ሊቀበለኝ ሞከረ፤ አልሰጠሁትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ መንገዱም አጭር ነው። ሁለት ጊዜ አረፍኩ። አያ አድማሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምረው ሲሸከሙት አንድ ጊዜም አላረፉም አሉኝ።

ደጃቸው ስደርስ ፈጥነው ወጥተው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱልኝ። ምናለንም ግባ አሉት። አብረን ተቀመጥን፤ ስለ ዝናቡና ስለ በሬው ብዙ ተወራ። ምናለ ግን እስክንነሣ ድረስ ቀና ብሎ ፊታቸውን አላየም።

አያ አድማሱ እንዳሉት መስመሮቹ አጨዳ ላይ ጠፉ። ምናለ የጋሪ መንገዱን መልሶ ለቋል። ሞተሯን ማንም አልነጠቀኝም። ነገሩ ተስተካከለ ይሉኛል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ በእኔ ጥፋት አንገታቸውን ደፍተው የቆሙባቸው ሳምንታት ግን አልተስተካከሉም፤ እነዚያን የሚመልስ ሽማግሌ የለም።

ባለፈው ሰኞ አያ አድማሱ ደወሉ። በሬው ታመመ ብዬ ደነገጥኩ። በሬው ደህና ነው።

“መንገዱ ዘንድሮም ማጥ ሆኗል ልጄ” አሉኝ። “ስትመጪ በላይ በኩል ነይ።”

እሺ አልኳቸው። ማልቀሴ እንዳይሰማቸው ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።