ጽጌዬና የመስመሩ ደወል

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲያችን ምድር ቤት ባለው የኮምፒውተር ክፍል አንድ አሮጌ ማሽን ስከፍት፣ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሳላስበው ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ወዳለው የልጅነት ቤታችን ተመለስኩ። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ሊጣል ሲል ያመጣው ኮምፒውተር ሳሎናችን ጥግ ላይ ነበር፤ ጀርባው ያበጠ፣ ሲነሳ የሚያቃስት፣ ኢንተርኔት የሌለው፣ ኖትፓድ ከሚባለው ባዶ የጽሑፍ ገጽ በቀር ደህና ነገር የማይሠራ።

የኖትፓዱ ባለቤት እኛ ጋ ትኖር የነበረችው የእናቴ ታናሽ እህት ጽጌ ነበረች፤ እኔ "ጽጌዬ" የምላት። በዲቪ ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ በጽሕፈት መኪና የምትሠራ ታይፒስት ነበረች፤ እዚህ ግን ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ሬንተን በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ ክሊኒክ ጸሐፊ እንደሚፈልግ ስትሰማ ልቧ ተነሳ፤ የሚያስፈራት የታይፕ ፈተናው ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ የሱፐርማርኬት የቅናሽ ወረቀት ፊቷ ዘርግታ፣ የዶሮውንም የቲማቲሙንም ዋጋ ቁልፉን ሳታይ በዐሥር ጣቷ ትገለብጠዋለች፤ አመታቷ ኃይለኛ ስለነበር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል።

ችግሩ ደወሉ ነበር። የጽሕፈት መኪና መስመሩ ሊያልቅ ሲል ይደውላል፤ ጸሐፊዋም ያን ሰምታ ወደ አዲስ መስመር ትሻገራለች። ኖትፓድ ግን አይደውልም፤ ጽሑፏ በስተቀኝ ከኮምፒውተሩ መስኮት ወጥቶ ሲጠፋባት ትደነግጣለች። መፍትሔው እኔ ሆንኩ። ከጎኗ ተቀምጬ ጽሑፉ ጠርዝ ሲደርስ በአፌ "ጢንን" እላለሁ፣ እሷም ወደ አዲስ መስመር የሚያሻግረውን የኢንተር ቁልፍ ትመታለች። በቤታችን ከእኔ የሚበልጥ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ግን ያን ፈተና የወሰደች ጓደኛዋ፣ እዚያ መስመሩ በራሱ እንደሚሻገር፣ ኢንተር መምታት እንደ ስህተት እንደሚቆጠር ነገረቻት። አባቴ ኖትፓዱንም እንደዚያው አስተካከለው። የጽጌዬ ጣት ግን ልማዱን አልተወም፤ እኔም ጢንን ማለቴን።

"አንቺ ልጅ፣ ፈተናው ላይ አብረሻት ልትገቢ ነው? ዝም በይላት እንጂ" አለችኝ እናቴ ከኩሽና።

"ተያት፣ ያለ እሷ እጄ አይፈታም" አለች ጽጌዬ እየሳቀች።

"ኦኬ፣ አይል ስቶፕ" አልኩ እኔ በእንግሊዝኛ፣ አኩርፌ፤ አቆማለሁ ማለቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ከንፈሬን ነክሼ አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ጠርዙ በደረሰ ቁጥር ዘወር ብላ ታየኛለች፤ እኔ ኮርኒሱን አያለሁ። ቀስ በቀስ ዓይኗ እኔን መፈለጉን ተወ።

ፈተናውን አለፈች። እናቴ እልል አለች፣ አባቴም ኬክ ይዞ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ጽጌዬ ሬንተን ሥራዋ አጠገብ አፓርታማ ተከራየች፤ ትራሷን ተሸክሜ እስከ መኪናው የሸኘኋት በደስታ ነበር፣ ማለፍ መሄድንም እንደሚያመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረማ።

ዛሬም እዚያው ናት፤ ደህና ናት፣ ሥራዋንም ትወደዋለች። በልጅነቴ ማንንም ሳልጠይቅ አልጋዋ ላይ ወጥቼ እተኛ የነበርኩት እኔ ግን፣ አሁን ቤቷ ለመሄድ ልምጣ ወይ ብዬ አስቀድሜ ኮል አደርጋለሁ።

"ነይ እንጂ፣ ይሄም ይጠየቃል?" ትለኛለች።

በሚቀጥለውም ጊዜ እጠይቃለሁ።