ኮልፌ ድረስ የመጣው የጀልባ ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ አስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ ሣር በማሽን ያጭዳሉ። ጭሱ አጥሩን ዘሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ዘይት ተደባልቆበት የተቃጠለ ቤንዚን፤ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ የሚከረክር። ዓይኔን ጨፍኜ ስስበው ወያላው «እናቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትጸልያለሽ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አንተም ሳቅ ብትፈልግ፤ ያ ሽታ ለኔ አባቴ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ነበረችው። ስም አልተለጠፈባትም፤ ሰው «ባለ ጆሮው ጋ» ነበር የሚላት። መኪና ሲመጣ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ «ቫልቭ ነው» ይላል፣ ወይ «የውሃ ፓምፑ ነው» ይላል። ነው ካለ ነው። መመርመሪያ ማሽን አልነበረንም፤ እንጀራችን ያ ጆሮ ነበር።

እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቄ አብሬው መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሞተር በተነሳ ቁጥር «እዚህ ቁሚ» ብሎ ከሞተሩ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ ያቆመኛል። የሚንኳኳ ነገር ስሰማ ፊቴ ወዲያው ጭምድድ ይላል፤ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። እያስተማረኝ ነበር የሚመስለኝ። ጉራዬ ደግሞ አይጣል ነበር! በሁለት ዓመት ውስጥ የማላውቀው ሞተር አዲስ አበባ ውስጥ የቀረ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ጠዋት ከዝዋይ አንድ ዓሣ አስጋሪ በፒካፕ የጀልባ ሞተር ጭኖ መጣ። ኮልፌ ላይ የጀልባ ሞተር! አጥሩ በሰው ተሞላ። ጎረቤታችን ጎሚስታው የሚለጥፈውን ጎማ ጥሎ መጣና «ጋሼ፣ የጥፋት ውሃ ይመጣል ተባለ እንዴ?» ብሎ አሳቀን። ዓሣ አስጋሪው ግን አልሳቀም።

«መነሳቱንስ ይነሳል» አለ። «ነዳጅ ስሰጠው ነው የማይጮኸው። እያጉረመረመ ታፍኖ ይቀራል። በቀደም ንፋስ ተነስቶ ወደ ዳር መመለስ አቅቶኝ ልጄን ይዤ ልሰምጥ ነበር። ሦስት ቦታ አሳይቻለሁ። ኮልፌ ያለው ባለ ጆሮ ይስማው፣ እሱ ካቃተው ጣለው አሉኝ።»

«አይዞህ» አለው አባቴ። «ሞተር ሞተር ነው፤ ውሃ ላይም ይሂድ አስፋልት ላይ።»

በርሜል ሙሉ ውሃ ቀዳን። ሞተሩን ጠርዙ ላይ በጣውላ አስረን እግሩን ውሃው ውስጥ ነከርነው። የማስነሻውን ገመድ ስስበው ተነሳ፤ ያ ጣፋጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። አባቴ ነዳጅ ሲሰጠው ግን «እምምም» ይልና ይታፈናል። አባቴ አየኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሞተር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ጤነኛው እንዴት እንደሚጮህ ሳላውቅ የታመመውን በምን ልለየው? ፊቴ እንዳለ ቀረ።

«ካርቡራተሩ ነው» አለ አባቴ። ድምፁ ግን እንደወትሮው አልነበረም።

ካርቡራተሩን ፈትተን አጠብን። ያው ነው። በማግስቱ የነዳጅ ማጣሪያውንና ቱቦውን ቀየርን። አሁንም ያው። አባቴ «የኮልፌ አየር ስስ ነው፤ ሐይቁ ጋ ሲወርድ ይስተካከላል» ቢለው ሰውየው በትሕትና «ጋሼ፣ ሐይቁ ላይ ነው እኮ እምቢ ያለው» አለ። እኔ በሀፍረት መሬት መሬት አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው ቆቡን አውልቆ ቆመ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጭኜው ልሂድ። ምንም አይደል፤ ሰው ሁሉን አያውቅም» አለና ፒካፑን ሊያመጣ ወጣ። ጎሚስታው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እሱ የሰማው ነገር ደግሞ ከምሳ በፊት እስከ ሳንሱሲ ሰፈር ይደርሳል። ባለ ጆሮው አቃተው ከተባለ ማን መኪናውን ያመጣልናል?

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። እኔ የማስነሻውን ገመድ እንደያዝኩ «አባዬ፣ ካንዴላዎቹን እንሞክራቸው» አልኩት። ዝም። «አባዬ!» አልኩ። ዝም። ቤት ውስጥ እንዲህ ሲሆን እናቴ «ሥራ እያሰበ ነው» ትል ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ጮኼ ጠራሁት፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ዘወር አለ፣ አባቴ ግን አልዞረም። ኋላ በራሱ ጊዜ ዞረና ገመዱን እንደያዝኩ የደነገጠ ፊቴን ሲያይ፣ ዓይኑ በርቶ «እህ፣ ምን ይላል?» አለኝ።

ሞተሩ ጠፍቷል እኮ! አልተነሳም!

የአባቴ ጆሮ ከድቶታል፤ የሰውንም ነገር ከአፉ እያየ ነው የሚረዳው። ያን ሁሉ ጊዜ «እዚህ ቁሚ» ያለኝ ለካ ሊያስተምረኝ አልነበረም። ቫልቭ ነው፣ ፓምፕ ነው የሚለው ፊቴን እያነበበ ነው። የጀልባው ሞተር ያቃተው እኔን ስላቃተኝ ነው። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ፒካፑ በር ላይ ደርሶ ሰውየውና ጎሚስታው ሊያነሱት እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

«አንዴ ቆዩኝ!» አልኩና ሞተሩን አስነሳሁት። በፒንሳ ከሁለቱ ካንዴላዎች ለላይኛው እሳት የሚያደርሰውን ገመድ ነቀልኩ፤ ሞተሩ ሊሞት ተንፈራፈረ። መለስኩት። የታችኛውን ነቀልኩ፤ ምንም። ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም። ገባኝ! ከመጀመሪያውም የሚሠራው በአንድ እግሩ ነው። ነገሩ አፌ ላይ ደረሰ። ግን እነዚያ ሰዎች ፊት ብናገረው የአባቴ ጆሮ ያን ቀን ያበቃለታል።

«አባዬ፣ ና እስቲ አንተ ስማው» አልኩና ማዶ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። የላይኛውን ስነቅል ፊቴን እንደ ኮሶ ጠጪ አጨማደድኩት። የታችኛውን ስነቅል ድርቅ አደረግኩት፣ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም። ደግሜ አሳየሁት። ዛሬ ጋራዡ ውስጥ መኪና ላይ የሚሰካ መመርመሪያ ኮምፒዩተር አለኝ፤ ሞተር ሲነሳ ግን ፊቴ አሁንም እንዲሁ ይሠራል፣ ሠራተኞቼ ይስቁብኛል።

አባቴ እጁን አነሳ። «አጥፊው። የታችኛው እሳት አይደርሰውም። ገመዱን ላጪው» አለ።

ላጥኩት። ውስጡ ያለው መዳብ በሐይቁ እርጥበት ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። የበሰበሰውን ቆርጠን ደህናውን አሰርን። አባቴ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ አጓራ! የበርሜሉ ውሃ ወደ ላይ ተረጭቶ ጎሚስታውን ከራስ እስከ እግሩ አጠበው። ዓሣ አስጋሪው የአባቴን ትከሻ ስሞ ስሞ አልጠግብ አለ። «እውነትም ባለ ጆሮ!» ይላል፣ እንባው እየመጣ።

ሄዱ። ግቢው ጭር አለ፤ ፀሐይዋ የቆርቆሮውን አጥር ታሞቀዋለች። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሳያየኝ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ዛሬ አበዛሽው። ጎሚስታው ሲያይሽ ነበር። ሌላ ጊዜ ቅንድብሽ ብቻ ይበቃኛል።»

ይህን ብሎ ወደ በርሜሉ አጎንብሶ ውሃውን መድፋት ጀመረ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ጀርባውን ሰጥቶኛል። በርሜሉን ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ቀና ብሎ እስኪያየኝ ጠበቅኩና «እሺ አባዬ» አልኩት።