ከሹፌሩ መስኮት ሥር ያለችው ጠርዝ

እንድሪስ ሞተ የሚለውን እየጻፍኩትም አላመንኩትም። ትናንት ከሰዓት እኔ ቤት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ሐያት ደወለች። «ጋሼ፣ አባቴ...» አለች። ለንጋት ሶላት ሲቀሰቅሱት አልነቃም።

ለማታውቁት፣ ንፋስ መውጫ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ያቺን ነጭ አሮጌ ፔጆ የሚነዳው ሰው ነው። ፔጆዋ የአባቱ ነበረች። አባቱ አርብ ገበያ እየተመላለሱ ሰው ጭነውባታል።

ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሁለታችን ሥራ እሷ ነበረች። በጎኗና በመስኮቶቿ ዙሪያ ያሉት የአሉሚኒየም ጠርዞች ላያቸው ተልጦ አመድ መስለው ነበር። አንድ በአንድ እየፈታን በብርጭቆ ወረቀት እንፍቃቸዋለን፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ በውሃ እያራስን፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ። አንዲት ጭረት ካየሁ ወደ ሻካራው እመልሳለሁ። እሱ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም።

«መምህር፣ ይቺም ክፍል ደገመች?»

«ደገመች።»

«እንግዲያው ወላጅ አምጪ በላታ!»

አንዲት ጠርዝ ግን አላስነካ አለኝ። ከሹፌሩ መስኮት ሥር ያለችው። አባቱ ክንዳቸውን እሷ ላይ አስደግፈው ሲነዱ ኖረው መሃሏ ተበልቶ ጎድጉዷል። እሱም የሚደገፈው እዚያው ላይ ነው። ላዩ የተላጠ አሉሚኒየም ልብስ ያጠቁራል፤ ስለዚህ አርብ አርብ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ከመስጊድ ሲመለስ ግራ እጅጌው ላይ ጥቁር መስመር አይጠፋም። ባለቤቱ ዘምዘም «ምነው፣ ድስት ስትፈትግ ነው የዋልከው?» ስትለው ይስቃል።

እኔ ስጨቀጭቀው ግን አይስቅም ነበር። «ሌላውን ሁሉ እንደፈለግህ አድርገው፣ መምህር። እዚህ ላይ አባቴ አለ። ፍቀህ አታጥፋብኝ።»

ትናንት ራሱ ፈትቶ አመጣት። ሐያት በሚቀጥለው ሳምንት ልትዳር ነበር፤ በፔጆዋ የሚወስዳት እሱ ነው። «‹አባ፣ ለሰርጌ እንኳ እጅጌህ ነጭ ይሁን› አለችኝ። ምን ልበላት?» አለ። ጠርዟን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ የጎደጎደውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ «በል፣ እንዳትደግም አድርገህ ሥራት» ብሎኝ ወጣ። በር ላይ ዞር ብሎ አያት።

ዛሬ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ውሃውን ቀድቼ፣ ሻካራውን ወረቀት ቆርጬ ልጀምር ስል ነበር።

አሁን ከቀብር መመለሴ ነው። ለቅሶው ቤት ሐያት ከለቀስተኛው መሃል ተነሥታ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ፍቀዋታል?»

«አልጀመርኳትም።»

እንደዚያ ስትንሰቀሰቅ አይቻት አላውቅም። «ይተዉልኝ» አለች። «እንዳለች ይመልሱልኝ። ምነው ባላስፈታሁት!»

እንድሪስ፣ ጭረት ያለበት ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ታውቃለህ። ይቺን ግን እንዳመጣሃት መልሼ ቦታዋ ላይ አስራታለሁ። ወደ ቤቴ መስኮት ወስጄ በብርሃን ተመለከትኳት። የአባትህ ክንድ የበላው የቱ ጋ እንደሚያበቃ፣ ያንተ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት አልቻልኩም።

ዛሬ በነጭ ከፈን ተጠቅልለህ ስትወጣ ዓይኔ ሳላስበው ወደ ግራ ክንድህ ሄደ። አንድም ጥቁር መስመር አልነበረም።

አላህ ይዘንልህ፣ ወንድሜ። እኔ እጅጌህን እንደቆሸሸ ባየው ይሻለኝ ነበር።